ቆሞ ያለበት የለህም?

ስልኬ የጮኸው የካቲት ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ነው። ቁጥሩን አላውቀውም።

«ፎቶ አንሺው አንተ ነህ?» አሉኝ አንድ አባት ረጋ ባለ ድምፅ። ነኝ አልኩ።

«የልጄን ፈረስ ሲወድቅ ያነሳኸው?»

የምለው ጠፋኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስሟን እዚህ በማላነሳት አንዲት የወረዳ ከተማ የበዓል ሜዳ ላይ ነበርኩ። ጉግሱ እንደ ጦፈ የአንድ ጎረምሳ ፈረስ የፊት እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጣቴ ካሜራው ላይ ነበር፤ ሳላስብ ተጫንኩ። አንገቱ ሲታጠፍ፣ ኮርቻው ሲገለበጥ፣ ልጁ በአየር ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ከኋላ የሕዝቡ አፍ ተከፍቶ፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ ውስጥ ገባ። በዚያ የፈረስ ወቅት ካነሳኋቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አመንኩ። ፎቶው ታተመ፣ ከእጅ ወደ እጅም በስልክ ዞረ። ብዙ ሰው «እንዴት ያዝከው!» አለኝ። ስለ ፈረሱ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

አባትየው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጁ ትከሻው ነበር፣ ድኗል፤ ተመስገን» አሉ። «ሸጋው ግን አልተነሳም። አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወድቆ ነው። ለልጁ ላስቀምጥለት ፈልጌ ነበር። ቆሞ ያለበት የለህም?»

«አለኝ አባቴ፣ ፈልጌ እልክልዎታለሁ» አልኩ።

እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግኩ። የዚያን ቀን ያነሳኋቸው ፎቶዎች ከአራት ሺህ በላይ ናቸው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ያንን ዳማ ፈረስ ሲጋልብ አገኘሁት፤ አቧራ ውስጥ ገብቶ ጆሮው ብቻ ሲታይ አገኘሁት፤ ሲወድቅ በአሥራ አንድ ተከታታይ ፎቶ አገኘሁት። ቆሞ ያለበት አልነበረም።

ከጥምቀት እስከ አድዋ

የእኔ ሙያ የስፖርት ፎቶ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ቦታዬን አውቃለሁ፤ ከጎሉ ጀርባ ቁጭ ብዬ ኳሷ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። የፈረስ ሜዳ እንደዚያ አይደለም። መስመር የለውም። ፈረሰኛው በየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ፈረሰኛው ብቻ ነው፤ አንዳንዴ እሱም አያውቅም።

በአገራችን ለፈረስ ፎቶ የሚሆነው ዋናው ወቅት አጭር ነው። ጥር 11 በጥምቀት ይከፈታል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል፤ የአድዋን ድልና በጦርነቱ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ የተጀመረ በዓል ነው። ያጌጠ ግላስ የለበሱ ፈረሶች በሽምጥ ግልቢያ፣ በስግሪያና በጉግስ ሲወዳደሩ የአዊ ሜዳ ይንቀጠቀጣል። የካቲት 23 ደግሞ የአድዋ በዓል ነው፤ ፈረሰኞች ጎፈር አድርገው አዲስ አበባ ላይ ይታያሉ። ከዚያ ፈረሱ ወደ ሥራው፣ ፎቶ አንሺውም ወደ ኳሱ ይመለሳል።

ያ ወቅት ግን ከጅምሩ አልቀናኝም። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል ሲባል ሁለት በዓል አመለጠኝ። አንዱ ላይ የደረስኩት ፈረሶቹ ኮርቻ ከተፈታላቸው በኋላ ነው። ረጅሙ ሌንሴ ውስጥ አቧራ ገብቶ ቀለበቱ ሲዞር እንደ ወፍጮ ይንኳኳል። በአቧራ መሃል ደግሞ ካሜራው በራሱ የሚያጠራው ምስል ይጠፋበታል፤ ፈረሱን ትቶ አቧራውን ያጠራል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ካሜራም እንደዚያው ነው፤ ሜዳው ድረስ ያደርስሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ነው። ስለዚህ ያቺ የውድቀት ፎቶ ስትገኝ የወቅቱ ድካም ሁሉ የተካሰ መሰለኝ። የአባትየው ስልክ እስኪመጣ ድረስ።

እንጅባራ ላይ አንድ ሽማግሌ ያጫወቱኝ ነገር ትዝ አለኝ። የሰባት ቤት አገው አባቶች ወንድማማቾች እንደነበሩና የተነሱትም ከዋግና ከላስታ በኩል እንደሆነ የአዊ አረጋውያን ይተርካሉ። «መነሻችን ሰቆጣ ነው» ነበር ያሉኝ። መጋቢት ላይ፣ ምንም የፈረስ በዓል በሌለበት ወር፣ ካሜራዬን ይዤ ወደዚያው መነሻ ሄድኩ። ውድድር ወደሌለበት አገር ፎቶ ለማንሳት ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ዋግ

ላሊበላ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሰሜን። ቢልባላን አልፈው ሲሄዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ቢልባላ ራሷ ጊዮርጊስና ቂርቆስ የሚባሉ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሏት፤ የላሊበላ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ሳያያቸው ይመለሳል። ወደ ጋዝጊብላ ደጋ ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል። በመጋቢት የገብስ ማሳው ታጭዶ ቃርሚያው እንኳ በከብት ተግጧል። ተራራው በድንጋይ እርከን ተሸንሽኗል። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው፤ አጥሩም ድንጋይ፣ በረቱም ድንጋይ። ከሩቅ ሲታይ መንደሩ ከተራራው ላይ የበቀለ እንጂ ሰው የሠራው አይመስልም።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች፣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ጎዳናው ላይ ጆሮዎን ካቀኑ ሁለት ቋንቋ ይሰማሉ፤ አማርኛና ኽምጣና። ኽምጣና የዋግ አገዎች ቋንቋ ነው። የከተማዋ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አረፍተ ነገሩን እንኳ አያቋርጥም። በጥንቱ ዘመን ሰቆጣ የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ከአፋር ረባዳ የሚወጣው የጨው አሞሌ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ እየተጫነ እዚህ ይደርስ ነበር።

ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። የገጹ አሠራር አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደረደረ የእንጨትና የድንጋይ ግንብ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ፣ አክሱምን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ውስጡ የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈባቸው ሣጥኖች አሉ። አስጎብኚዬ ካህን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ ሰው የተኛበት ክፍል እንደገባን ያህል።

ዋግ ሹም የሹመት ስም ነው። የዛግዌ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘውዱን ሲያጣ፣ ዘሮቹ ዋግን እየገዙ እንዲቆዩና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንኳ በብር ወንበር እንዲቀመጡ ስምምነት ተደረገ ይላል ትውፊቱ። ከዚህ ቤት የወጡት ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በ1888 ደግሞ ዋግ ሹም ጓንጉል የዋግን ሠራዊት ይዘው አድዋ ላይ ተሰልፈዋል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ በፈረስ የሚታሰበውን ድል፣ «መነሻችን» የተባለው አገርም ተካፍሎታል ማለት ነው።

ስም ያለው ፈረስ

«ሸጋው» ነበር ያሉኝ አባትየው። ስልኩ ላይ ስሙን ሲጠሩት እንደ ቤተሰብ ነው። በአገራችን ፈረስና ስም የተጋቡ ናቸው። መኳንንቱ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው። ሰውየው ጌታ ሆኖ ሳለ ስሙን ከፈረሱ ይበደራል። እኔ ግን በዚያ ወቅት ከመቶ በላይ ፈረስ አንስቼ የአንዱንም ስም አልጠየቅኩም።

ለዚህ ሙያዬም ጥፋት አለበት። ካሜራ ከፈረስ ጋር ገና ከጅምሩ የተዋወቀው በፍጥነት ነው። በ1870 ዓ.ም. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ላይ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሳ። ሰው በዓይኑ ሊያየው ያልቻለውንም አሳየ፦ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም ኮቴዎቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ ያኔም እግሮቹ ሠዓሊዎች እንደሚስሉት የተዘረጉ ሳይሆኑ ከሆዱ ሥር የተሰበሰቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኛም ያንን ቅጽበት እናሳድዳለን። ሰከንድን ለሺህ ከፍለን አንዷን እንወስዳለን። የቀረው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ለባለቤቱ ይቀራል።

ሰቆጣ ላይ ፈረስ ስፈልግ ያገኘሁት በአብዛኛው በቅሎ ነው። ገበያ አጠገብ የከብት ዋጋ የሚያስማሙ አንድ ጎልማሳ ለምን እንደሆነ አስረዱኝ። የአንዷን በቅሎ ከንፈር ገልጠው ጥርሷን እያሳዩኝ፣ «ፈረስ የደጋ ነው። ክረምት ወጥቶ ወደ ተከዜ ቆላ ይዘኸው ከወረድክ አትመልሰውም» አሉ። የእንስሳት ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል፣ በጥቃቅን ደም መጣጭ ትንኞች የሚተላለፍ ቫይረስ አለ። ዝናብ ካለፈ በኋላ በሞቃትና እርጥብ ቦታ ይበረታል። ፈረስን አብዝቶ ይገድላል፣ በቅሎ ይሻላታል፣ አህያ ላይ ብዙም ምልክቱ አይታይም። ዋግ ደግሞ ከብርዳም ተራራ እስከ ተከዜ በረሃ በአንድ ቀን መንገድ የሚወረድበት አገር ነው። ለእንዲህ ያለ ቁልቁለት የምትሆነው በቅሎ ናት፤ ዋጋዋም ከፈረስ ይበልጣል።

«ታዲያ ፈረስ ለምን ይያዛል?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «በቅሎ ከሰማይ ትወርዳለች እንዴ? ባዝራ ካልተያዘ በቅሎ ከየት ይመጣል?»

አባትህ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለችው በቅሎ ተረቷ ሁልጊዜ ለኩራተኛ ሰው ነው የሚነገረው። ዋግ ላይ ግን የኑሮ ስሌት ሆኖ አገኘሁት። አባቷ አህያ ነው፤ እሷም አትወልድም። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ አንድ ቤተሰብ ባዝራ ሲይዝ የያዘው የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ፣ የክፉ ቀን ስንቅና የሠርግ ድግስ ነው። ከመላው አካሉ አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ፈረስም እንደዚሁ።

የወደቀ ብቻ ሲነሳ

ማታ ሰቆጣ ላይ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ስለ ራሷ ስለ ዋግ ፎቶዎች አሰብኩ። የዓለም ካሜራ ይህን አካባቢ የሚያውቀው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ነው። ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ባለችው ቆረም፣ ረኀብ ከዋግ፣ ከላስታና ከትግራይ ያፈለሰው ሕዝብ ሜዳ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ደርሶ ቀረጸው። ምስሉ ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ እህል መጣ፣ ነፍስ ተረፈ። ያ ቀረጻ ባይኖር ብዬ አላስብም፤ መኖር ነበረበት።

ነገር ግን ከዚያ በኋላስ? ካሜራው ወደዚህ አገር የሚመለሰው ዝናብ ሲጠፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ድርቁ ሲጸና ተመለሰ። በመሃል ገብስ ሲያሽት፣ ማር ሲቆረጥ፣ ልጅ ሲዳር የሚያነሳ የለም። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ስሙ ክብር ነው፣ ዕዳም ነው። ከተማዋን ያላየ ሰው ግን ሰቆጣ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት አሁንም የከሳ ሕፃን ነው።

ያኔ የአባትየው ጥያቄ ገባኝ። ውድቀቱን ለምን አነሳህ አላሉኝም። ሌላው የት አለ ነው ያሉኝ።

ባዝራዋ

ስመለስ ጋዝጊብላ ደጋ ላይ ሾፌሩን አስቆምኩት። ከመንገዱ በላይ፣ ከድንጋይ አጥር ጥግ፣ አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ የአንዲት አምባላይ ባዝራ ገመድ ይዛ ቆማለች። አባትየው ድርቆሽ እየከመሩ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ምኗን ታነሳለህ?» አሉ ገርሟቸው። «ቆማ እኮ ናት።»

«ቆማ ነው የምፈልጋት» አልኳቸው።

«ኮርቻ እንጫንባት?»

«እንዳለች ትሁን።»

ስሟን ጠየቅኩ። ልጅቱ መለሰችልኝ፤ የባዝራዋን ስም፣ ስንት ጊዜ እንደወለደችና የመጨረሻዋ በቅሎ ለማን እንደተሸጠች በአንድ ትንፋሽ። ለስፖርት ፎቶ የሚያስፈልግ ነገር አንዱም አልነበረም። አቧራ የለም፣ ጩኸት የለም፣ የቀትሩ ብርሃን ከላይ የሚወርድ ክፉ ብርሃን ነው። ባዝራዋን ወደ አጥሩ ጥላ አዞርናት። ከዚያ ጠበቅኩ። ፈረስ ቆሞ ዝም አይልም፤ ጆሮውን ያዞራል፣ ጭራውን ይወዘውዛል፣ አንድ እግሩን ያሳርፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ረሳችኝ፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትንፋሿን በልጅቱ ትከሻ ላይ ለቀቀች። ልጅቱም ሳታያት እጇን ወደ ኋላ ልካ ጋማዋን ያዘች። ሦስት ፎቶ አነሳሁ። ከአራት ሺህ ሦስት።

እናትየው በሶ በጥብጠው አመጡልን፣ ጾም ነውና በውኃ። አባትየው የካሜራውን መስኮት ሲያዩ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም፤ በመጨረሻ «ይህን ታመጣልናለህ?» አሉ። የላሊበላ ሰው ይዞላቸው እንዲሄድ ተስማማን፤ በወረቀት ታትሞ ሄዶላቸዋል።

ወደዚህ አገር ከልጆቻችሁ ጋር መሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው አጣሩ። የዋግ ልጃገረዶች ቄጠማውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚጨፍሩበት የሻደይ በዓል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ነው፤ ያኔ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ማሩን ሳትቀምሱ አትመለሱ። ፎቶ ስታነሱ ስም ጠይቁ፣ ካነሳችሁም አድርሱ።

የተቆረጠው ፎቶ

አዲስ አበባ ስመለስ እነዚያን አራት ሺህ ፎቶዎች እንደገና ከፈትኳቸው። በዚህ ጊዜ የፈለግኩት መሃላቸውን አይደለም። ጠርዝ ጠርዛቸውን ነው ያየሁት፤ ሌላ ፈረስ ሳነሳ በስተጀርባ የገባውን፣ ብርሃን ስሞክር የተነሳውን፣ ጥቅም የለውም ብዬ ያለፍኩትን።

በሦስተኛው ምሽት አገኘሁት። ፎቶው የአንድ ሌላ ፈረሰኛ ነው። በስተግራ ጥግ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ቆሟል። ከደረቱ ወዲያ ያለው በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል። ልጁ ልጓሙን እያስተካከለለት ነው፤ ፊቱ አይታይም፣ እጁ ግን በፈረሱ ጉንጭ ላይ አለ። ውድድሩ አልተጀመረም።

አጉልቼ አሳተምኩት። ደብዛዛነቱን ለማስተካከል ሞክሬ ተውኩት። ከላክሁት ከአሥር ቀን በኋላ አባትየው ደወሉ።

«ደረሰን» አሉ። «ግማሹ ነው።»

«አዎ አባቴ፣ ሙሉውን አላነሳሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው ሰው ሲያወራ፣ በር ሲከፈት ይሰማኛል።

«ግድ የለም» አሉ። «እሱ መሆኑ ይታወቃል። ልጁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።»